የሳንጃው ተፈታኝ

ቆላዋ ሳንጃ ላይ ጥናት የሚያዘው ፀሐይ ስትፈቅድ ነው። ቀን ቢሮ የሚውለው ጎረቤቴ ከራት በኋላ ላፕቶፑን ታቅፎ ግቢ ይወጣል፤ የአማዞንን የጀማሪዎች የብቃት ፈተና፣ ክላውድ ፕራክቲሽነር የሚባለውን፣ ሊፈተን ነው።

«እስቲ አስረዳኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ይረግፍ የለ? ባለ እርሻው ለዚያ ሰሞን ብቻ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ሲያበቃ ከፍሎ ያሰናብታል። ክላውድም ኮምፒዩተርን እንደዚያ መከራየት ነው።»

ገባኝ። ፈተናው 65 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ ከ1000 ነጥብ 700 ያመጣ ያልፋል። ክፍያው 100 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ እዚያው ቆሞ ብሩ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ስለዚህ ልጁ የሚያመሸው ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ላለመክፈልም ነው። ኢንተርኔት ሲገኝ ትምህርቱን ያወርዳል፤ ሲጠፋ ያወረደውን ያያል።

ከቤት ሆኖ መፈተንም ይቻላል። ተቆጣጣሪው በካሜራ ይከታተላል፤ ሌላ ሰው ክፍሉ ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። እንግዲህ ሳንጃ ውስጥ 90 ደቂቃ ሙሉ ማንም «ቤቶች!» ብሎ የማይገባበት ቤት ፈልጉለት! በሩን ቢቆልፍማ «ልጁን ምን አገኘው?» ተብሎ ሰፈሩ ይሰበሰባል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ጎንደር ወጥቼ አልጋ እይዛለሁ።»

በቀን አልጋ ይዞ፣ ጎኑን ሳያሳርፍ ሒሳብ ከፍሎ የሚወጣ እንግዳ የሆቴሉ ሰዎች ምን ይሉት ይሆን?