የአብራሪው ወንበር

መጋቢት 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከሞስኮ ተነስቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበር የነበረ የኤሮፍሎት ኤርባስ ኤ310 አውሮፕላን ሳይቤሪያ ውስጥ ሜዥዱሬቼንስክ ከተማ አቅራቢያ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 75 ሰዎች አንድም አልተረፈም። መርማሪዎች አውሮፕላኑ ላይ ለአደጋው ምክንያት የሚሆን ብልሽት አላገኙም። የአብራሪዎቹን ክፍል የድምፅ ቅጂ ሲያዳምጡ ግን እዚያ መኖር ያልነበረበት ድምፅ ሰሙ፤ የልጆች ድምፅ።

ካፒቴን ያሮስላቭ ኩድሪንስኪ በዚያ በረራ ሁለት ልጆቹን ይዞ ነበር። ዋናው ካፒቴን ለዕረፍት ወደ መንገደኞች ክፍል ስለወጣ የግራውን ወንበር የያዘው እሱ ነው። መጀመሪያ ሴቷን፣ ቀጥሎ ወንዱን በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አውሮፕላኑን አውቶ ፓይለቱ ይዞታል፣ ልጆቹ መሪውን ቢነኩትም ለውጥ አያመጣም ብሎ ተማመነ። ለሴቷም እሱ ራሱ በአውቶ ፓይለቱ በኩል አቅጣጫውን ትንሽ እየቀየረ፣ እሷ ያዞረችው አስመሰለላት።

ወንዱ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ለሰላሳ ሰከንድ ያህል ከአውቶ ፓይለቱ ጋር ተገፋፋ። ያ አውሮፕላን ደግሞ መሪው ላይ እንዲህ ያለ ግፊት ሲበረታ፣ አብራሪው በእጁ ሊያበር እንደፈለገ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አውቶ ፓይለቱ ከፍታውን እንደያዘ፣ ግራና ቀኝ ማጋደሉን የሚቆጣጠረውን ክፍል ብቻ ለቀቀ። ይህን የሚናገረው አንድ መብራት ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም። አብራሪዎቹ የለመዱት እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን በድምፅ የሚያስጠነቅቁትን የሶቪየት አውሮፕላኖች ነው። መብራቱን ያስተዋለ አልነበረም።

አውሮፕላኑ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ማጋደል ጀመረ። መዞሩን ቀድሞ ያወቀውና ለአባቱ የነገረው ልጁ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። አዋቂዎቹን ስክሪኑ ላይ የታየው መስመር ግራ አጋባቸው፤ አውሮፕላኑ ተራ እንደሚጠብቅ አውሮፕላን ክብ እየዞረ መሰላቸው። በዚህ መሃል ሰከንዶች አለፉ።

ማጋደሉ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። አውሮፕላን እንዲህ ሲጠማዘዝ የሰው ክብደት ይጨምራል፤ የተቀመጠው ከወንበሩ፣ የቆመው ከወለሉ ጋር ይጣበቃል። አባትየው ከወንበሩ ውጪ ነው። ልጁን አንስቶ ቦታውን መያዝ አልቻለም። የረዳት አብራሪው ወንበር ደግሞ ወደ ኋላ ተስቦ ስለነበር መሪውን የያዘው እየተንጠራራ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ታች ተወረወረ፤ ረዳቱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ሲያደርገው ከልክ በላይ ሽቅብ ወጣ፤ ፍጥነቱን አጥቶ እየተሽከረከረ ወደቀ። ኩድሪንስኪ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ደረሰ። ሽክርክሪቱንም አስቆሙት፤ ግን ከፍታ አልቀራቸውም ነበር።

ሰው ይህን አደጋ ሲያነሳ ልጅ መሪ ስለያዘ ወደቀ ይላል። እኔ ነገሩን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው። አውቶ ፓይለት ከእጅ ሊወጣ ይችላል፤ አብራሪ የሚሠለጥነውም ያን ጊዜ ለመረከብ ነው። ያ ሥልጠና የሚሠራው ግን ሰውየው በቦታው ሲኖር፣ ቀበቶው ታስሮ፣ እጁ ከመሪው፣ እግሩ ከፔዳሉ ሲደርስ ነው። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የመኪና መሪ የሚያስይዝ አባት አይተን እናውቃለን። እሱም አደገኛ ነው፤ ግን ቢያንስ ፍሬኑ ከእግሩ ሥር ነው።

ለእኛ ይህ ወንበር ሌላ ትዝታም አለው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ሲጠለፍ፣ ረዳት አብራሪው ተደብድቦ ከቦታው ተባረረ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ያለቀውን አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ለማሳረፍ ሲታገል ከጠላፊዎቹ አንዱ መቆጣጠሪያውን ይነካካ ነበር። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ያኛው ወንበር በጉልበት የተነጠቀ ነው። የሳይቤሪያው በፍቅር የተሰጠ ነው፤ ለዚህም ነው የበለጠ የሚያስፈራኝ። ጠላፊን ሁሉም ይጠነቀቀዋል፤ ልጁን፣ ወዳጁን፣ እንግዳውን እምቢ ማለት ግን ለብዙ ሰው ይከብዳል።

ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጥቃት ወዲህ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የአብራሪ ክፍል በር ተጠናክሮ ይቆለፋል። ቢሆንም በሩን ከውስጥ የሚከፍተው ሰው ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቻይና ውስጥ አንዲት መንገደኛ በአብራሪው ክፍል የተነሳችው ፎቶ ሲሰራጭ፣ ያስገባት የጉይሊን አየር መንገድ አብራሪ ለዕድሜ ልክ ከበረራ ታገደ። ቅጣቱ በዝቷል ያሉ ነበሩ። እኔ አልበዛም እላለሁ። በትናንሽ የግል አውሮፕላኖች ደግሞ የተቆለፈ በር እንኳ የለም፤ ከአብራሪው ጎን ያለው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሁለተኛው መሪ ፊት ነው።

አንድ ሰው ማብረርን መቅመስ ቢፈልግ ሕጋዊ መንገድ አለው። የበረራ አስተማሪ ከጎኑ የራሱን መሪና ፔዳል ይዞ ይቀመጣል፤ መሪውን ሲሰጥና ሲቀበል በቃል ይናገራል፤ ተማሪውም ደግሞ ያረጋግጣል። አስተማሪው ለአንድ አፍታም ወንበሩን አይለቅም።

ልጆቻችሁ አብራሪ መሆን የሚመኙ ወላጆች፣ አውሮፕላኑ አርፎ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አስተናጋጇን ጠይቁ። ካፒቴኑ ጊዜ ካለው ልጁን አስገብቶ ሊያሳየው ይችላል። በአየር ላይ ሳላችሁ ግን አትጠይቁ። ዘመዳችሁ የሆነ አብራሪ ራሱ ቢጋብዛችሁም እምቢ በሉት።