በሁለት ክረምት

ዳታቤዝ ደረቅ ነገር ነው የሚሉኝ የግጥም ወዳጆቼ ዳባትን አያውቋትም። ከጎንደር ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች ወረዳ፣ በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕክምና ኮሌጅ በ1996 እ.ኤ.አ. የሕዝብና የጤና ክትትል ምዝገባ ጀመረ። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ቀዬውን ለቅቆ የሄደውን ይጽፉ ጀመር።

የእንዲህ ያለ መዝገብ ነፍሱ ዝምድና ነው። የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. መረጃን በሠንጠረዦች ከፍሎ በጋራ መለያ ማዛመድን አሳየ። ቤተሰብ አንድ ሠንጠረዥ፣ ሰው ሌላ፣ ልደትና ሞት ሌላ። ሕፃን ያለ እናቱ ቁጥር አይገባም፤ ያልተመዘገበ አይሞትም፤ የሄደ ሳይመለስ ዳግም አይሄድም። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ረድፍ በራሱ ይፈትናል፤ ያልተጣጣመውን ይመልሳል። (ቤት ያልመታ ግጥም ሁሉ እንዲሁ በተመለሰ!)

ይሁንና ፈተናው የሚለካው መጣጣምን እንጂ እውነትን አይደለም። እኔ በምሠራበት ባንክ የልደት ቀን ሳጥን ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አያሳልፍም። ስለዚህም መስከረም 1 ቀን «የተወለደው» ደንበኛ ብዛቱ ጉድ ያሰኛል።

አንድ ቀን አንዲትን እናት፣ «እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» አልኳቸው።

«ታናሽ ወንድሜ ጃንሆይ በወረዱበት መስከረም ተወለደ፤ እኔ በሁለት ክረምት እበልጠዋለሁ» አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ የተዛመደ መረጃ አላየሁም። የእርሳቸው ልደት በወንድማቸው፣ የወንድማቸው በጃንሆይ ላይ ተያይዟል፤ ጃንሆይ የወረዱት ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቆጥሬ 1965 ላይ ደረስኩ። ማሽኑ ግን ወንድም የሚጻፍበት ሳጥን የለውም። የሥነ ሕዝብ መዝጋቢዎች ይህን ስለሚያውቁ የረሃብን፣ የጦርነትን፣ የመንግሥት ለውጥን ዘመን የያዘ ዝርዝር ይዘው ዕድሜ ያሰላሉ።

እኔ የምመኘው ከቀኑ ጎን «በግምት» የምትል አንዲት ምልክት ብቻ ናት። ያለ እርሷ ግምቱ ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተገለበጠ፣ በየደረሰበት ፈተናውን እያለፈ፣ እንደ እርግጥ ይቆጠራል። ጡረታ 60 ዓመት ተብሎ በሚሰላበት አገር ሁለት ክረምት ቀላል አይደለም።