ሊጡ አንድ፣ ምጣዱ ብዙ

ጥያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። በ32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው አብዛኛው ምልክት ለመፍታት አስቸጋሪ መሆኑንም ጽፏል። ድንጋዩ አለ፣ ቅርጹም አለ፤ የጠፋው አንባቢው ነው።

ኮምፒውተር ላይ ለዚህ ዘመናት አያስፈልጉም። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

አንድ የገበሬዎች ማኅበር አለ እንበል። የአባላቱን ስም የሚይዝ ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ በኢንቴል ላፕቶፕ ተሠራ፣ ተሞከረ፣ ሰመረ። ጥያ ላይ ግን የሚከፈተው በስልክ ነው፤ የስልኩ ፕሮሰሰር ደግሞ አርም ነው። ያው ኮድ፣ ያው መዝገብ። የአንዳንዱ ሰው ስም ግን ተቆራርጦ ይወጣል። የማዳበሪያ ወረፋ የሚጠራው በዚህ መዝገብ ከሆነ፣ ስሙ የተቆረጠበት ሰው ባዶ ጆንያውን ይዞ ይመለሳል።

ምን ተፈጠረ? «ሀ» የምትባለው ፊደላችን በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ በሦስት ባይት ትቀመጣለች፦ 225፣ 136፣ 128። የሲ ቋንቋ ደግሞ «ቻር» የሚባለው የባይት ዓይነት ከዜሮ በታች ይውረድ አይውረድ ብሎ አልወሰነም፤ ለየማሽኑ ተወው። ስለዚህ 225 በኢንቴል ሊኑክስ ላይ −31 ሆኖ ይነበባል፤ በአርም ሊኑክስና በአርም አንድሮይድ ላይ 225 እንደሆነ ይቀራል። ፕሮግራመሩ «ከዜሮ ካነሰ የእኛ ፊደል ነው» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ላይ ልክ ነው። ስልኩ ላይ ግን ያ ሁኔታ መቼም አይመጣም።

የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ከ128 በታች ናቸው። ስሙን በላቲን እየጻፈ የሞከረ ሰው ሺህ ጊዜ ቢሞክር ስህተቱን አያየውም። ስህተቱ የሚጠብቀው እኛን ነው።

ኮምፓይለሩን መውቀስ ይቀናል። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ እዚህ ላይ ግን አላጠፋም፣ ቋንቋው የፈቀደለትን ነው ያደረገው። እንዲያውም ከጠየቁት «ይህ ንጽጽር ሁልጊዜ ሐሰት ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ችግሩ ማንም አለመጠየቁ ነው።

ኮምፓይለሮቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚፈተኑ ማየት ጥሩ ነው። ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ትልቁ ነጻ ኮምፓይለር የሚሠራው እንደ እርሾ ነው። የቆየው ኮምፓይለር አዲሱን ይሠራል፤ አዲሱ ራሱን መልሶ ይሠራል፤ ያ ደግሞ እንደገና ራሱን ይሠራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ዓይነት ካልሆኑ ሊጡ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህም በአንድ ምጣድ አያበቃም፤ በኢንቴል፣ በአርም፣ በፓወር፣ በአይ.ቢ.ኤም. ትልልቅ ማሽኖች ላይ ሁሉ ይደገማል።

ግን ሁሉም ምጣድ እኩል አይታይም። ፕሮጀክቱ ዋና እና ሁለተኛ ደረጃ ያላቸው ማሽኖች ዝርዝር አለው። በእነዚህ ላይ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር ክፉኛ ከተበላሸ እትሙ አይወጣም። ከዝርዝሩ ውጭ ያለው ማሽን ላይ ቢበላሽ ግን እትሙ አይጠብቅም። ክፋት የለውም፤ የሚፈትን ሰው ያለው ማሽን ነው የሚጠበቀው። ፈታኞቹ ብዙዎቹ ማሽኑ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሙከራ እትም ሲወጣ አውርደው፣ ፈተናውን ሌሊት ሲያስኬዱ አድረው፣ ጠዋት ውጤቱን ይልካሉ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። መብራት ማደር አለበት እንጂ!

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጂ.ሲ.ሲ. በሲ ኮድ ውስጥ «ደመወዝ» ብሎ ተለዋዋጭን በቀጥታ መሰየም የፈቀደው ግን በ10ኛው እትሙ፣ በ2020 ነው። ሃያ ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

ለጥያና ለአካባቢዋ ደግሞ ሌላ አለ። የሰባት ቤት ፊደላት በ2005 ተጨመሩ፤ በ2021 ሌሎች የጉራጊኛ ፊደላት ገቡ። የኋለኞቹ የሚቀመጡት በሦስት ሳይሆን በአራት ባይት ነው። «የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው» ብሎ የደመደመ ፕሮግራም፣ አማርኛውን በሁሉም ማሽን አሳምሮ እያነበበ ጉራጊኛው ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ያንን በፈተናው ውስጥ የሚጨምር ሰው ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ሊመጣ ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ አሮጌ ስልክና በአዲሶቹ ፊደላት የተጻፈ የአያቱ ስም ነው።