እስስትን አትስደቡ

በፖለቲካችን የስድብ መዝገብ ውስጥ «እስስት» የሚለውን ቃል ያህል ያገለገለ ጥቂት ነው። ፓርቲ የለወጠ እስስት ነው፤ ትናንት ያወገዘውን ዛሬ ያወደሰ እስስት ነው፤ ከተቃዋሚ ሰልፍ ወጥቶ ወንበር የያዘም እስስት ነው። ከስድቡ ጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው፦ ይህ ፍጥረት ያረፈበትን እየመሰለ የሚኖር፣ የራሱ ቀለም የሌለው አስመሳይ ነው የሚል። ለመሆኑ ይህ እምነት እውነት ነውን? ጥያቄውን ያነሣሁት ተፈላስፌ አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀለሙን የሚለዋውጥ አንድ ትንሽ ፍጥረት በቤቴ ስላለ ነው።

የምኖረውና የማስተምረው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በአትላንታ ከተማ አቅራቢያ ነው። በዚህ አገር በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚውል፣ አረንጓዴ አኖል የሚባል እንሽላሊት አለ። ከነጅራቱ ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ፣ ከቡኒ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በዝምድናው ከእኛይቱ እስስት ይልቅ ለኢጓና የሚቀርብ ቢሆንም ነጋዴዎች «የአሜሪካ እስስት» እያሉ ሲሸጡት ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በየሰርከሱ እየተሸጠ፣ በቀጭን ሰንሰለት ታስሮ እንደ ጌጥ በልብስ ላይ ይሰካ ነበር። ገዢዎቹ ቀለሙን እንጂ ሕይወቱን አልፈለጉትም።

ዛሬም ርካሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይመከራል። ርካሹ ግን እንሽላሊቱ እንጂ ኑሮው አይደለም፤ የሣጥኑና የመብራቱ ወጪ ከእንስሳው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የ11 ዓመት ልጄ በአንድ ሱቅ አይታ የወደደችው አኖል ከሌላ ወንድ ጋር በጠባብና ደረቅ ሣጥን ውስጥ ተጨናንቆ፣ ጥቁር ቡኒ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ለምን አረንጓዴ እንዳልሆነ ሻጩን ብጠይቀው፣ «አትጨነቅ፤ ያረፈበትን እንጨት መምሰሉ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለው መልስ ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የአኖል አያያዝ በጥቂት ቁጥሮች ይጠቃለላል። ዛፍ ላይ የሚኖር ፍጥረት ነውና ሣጥኑ ከስፋቱ ይልቅ ቁመት ያስፈልገዋል፤ ቅርንጫፍና ቅጠልም ይኑረው። ሁለት ወንዶች በአንድ ሣጥን አይኖሩም። ቀን ቀን የሚሞቅበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው ጥግ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፤ ሙቀቱን ራሱ መርጦ ይመላለሳል። የአየሩ እርጥበት ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። በሳሕን የቀረበለትን ውሃ ብዙውን ጊዜ አይጠጣም፤ የሚልሰው በቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉን በየቀኑ በውሃ መርጫ ማርከፍከፍ ግድ ነው። ምግቡ ሕያው ነፍሳት፣ በተለይም የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰባቸው ትናንሽ ፌንጣዎች ናቸው። በእጅ መያዝ ያስጨንቀዋል፤ ጅራቱን ከያዙበት ደግሞ ጥሎት ያመልጣል። የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እንሽላሊቶች ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ሊያስተላልፉ ይችላሉና።

ከሁሉ የረቀቀው የብርሃኑ ጉዳይ ነው። አኖል ካልሲየምን ከአጥንቱ ጋር ለማዋሐድ አልትራቫዮሌት ጨረር ያስፈልገዋል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይህን አይተካም፤ መስታወቱ ሙቀቱን አሳልፎ ጠቃሚውን ጨረር ያስቀረዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው አምፖልም ቢሆን ከወራት በኋላ ጨረሩ ይደክማል፤ ለዓይን ግን እንደ ቀድሞው ያበራል። አምፖሉ በርቷል ብሎ የተዘናጋ ባለቤት፣ የእንስሳው መንጋጋና እግር ሲለሰልስ ነው የሚነቃው።

የእኛው እንግዳ ብቻውን በተዘጋጀለት ሣጥን ውስጥ ሁለት ቀን ቡኒ ሆኖ ሰነበተ። «አባዬ፣ ተቆጥቶ ነው?» ስትል ልጄ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ያንኑ ቡኒ ቅርንጫፍ እንደ ያዘ፣ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ አገኘነው። ሻጩ እንዳለው እንጨት መምሰል ቢሆን ኖሮ አሁንም ቡኒ በሆነ ነበር።

ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። በአኖል ቆዳ ውስጥ ቢጫ ቀለም የያዙ ሕዋሳት፣ ከሥራቸው ሰማያዊ ብርሃን የሚያንጸባርቁ፣ ከእነዚያም በታች ጥቁር ቡኒ የያዙ አሉ። ቢጫውና ሰማያዊው ተደምረው አረንጓዴ ይሰጣሉ። እንስሳው ሲበርደው ወይም ሲጨነቅ፣ በጠብም ሲሸነፍ፣ በሆርሞን ትእዛዝ ጥቁሩ ቀለም ወደ ላይ ተሰራጭቶ አረንጓዴውን ይሸፍነዋል። ለአጭር ጊዜ ቡኒ መሆን በሽታ አይደለም፤ ለቀናት ቡኒ ሆኖ መቅረት ግን አቤቱታ ነው። የእውነተኛዋ እስስትም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካር እስስት በቆዳዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎችን እያቀራረበችና እያራራቀች ቀለሟን እንደምትለውጥ አሳይተዋል፤ ወንዱ በዋናነት የሚለውጠውም ተቀናቃኝ ወይም ሴት ሲያይ ነው።

እንግዲህ የምንሰድበው ፍጥረት ውስጡን በቆዳው ላይ ጽፎ የሚዞር፣ ቢፈልግ እንኳ መዋሸት የማይችል ነው። ለሹመት ብሎ ቀለሙን የለወጠ ፖለቲከኛ ውስጡን ይደብቃልና ሌላ ስም ይፈለግለት። በእስር ወይም በፍርሃት የጠቆረውን ደግሞ ከመስደባችን በፊት የተቀመጠበትን ሣጥን እንመልከት።

የሻጩ መልስም ከዚህ ላይ ይመጣል። ሕዝብ ዝም ሲል «ትዕግሥተኛ ሕዝብ ነው» ይባላል፤ ወጣቱ በረሃ አቋርጦ ሲሰደድ «ስደት ፋሽን ሆኖበት ነው» ይባላል፤ ገበሬው ሲቸገር «የለመደው ኑሮ ነው» ይባላል። ይህ ሁሉ «እንጨቱን መምሰሉ ነው» ከማለት በምን ይለያል? ቡኒውን ጠባይ ነው ያለ ሰው ቴርሞሜትሩን ከማየት ይድናል፤ ከጠያቂነትም ያመልጣል።

እንሽላሊት ለማሳደግ ያሰበ ጀማሪ ከእኔ አንድ ምክር ይውሰድ፦ እንስሳው ሲጠቁርብህ እንስሳውን አትቆጣ፤ ሙቀቱን ለካ፣ ቅጠሉን አርጥብ፣ የደከመውን አምፖል በጊዜው ለውጥ። ሕዝብ ለማስተዳደር ያሰበውም ምክሩን ቢጋራ አይከፋኝም።