ከጉዞ የቀረው ተጫዋች

በትምህርት ቤታችን ቡድን ተጫዋች ነበርሁና ስለ ኳስ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። በቅርቡ ያነበብሁት ግን ከጨዋታ ስለ ቀረ ሰው ነው።

ጃክ ዮሺሃራ በጃፓን ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደ፤ በኦሬጎን ስቴት ኮሌጅ የአሜሪካኖችን እግር ኳስ፤ ያን በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፤ የሚጫወት ተማሪ ነበር። ቡድኑ በፓሳዴና ለሚደረገው ለሮዝ ቦውል ግጥሚያ ተመርጦ ሳለ፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሐርበርን ደበደበች። በምዕራቡ ጠረፍ የሕዝብ መሰብሰብ ስላስፈራ ጨዋታው በሰሜን ካሮላይና ወደሚገኘው ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ተዛወረ። ዮሺሃራን ግን በልምምድ ላይ ሳለ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ከጉዞው አስቀሩት። ባልንጀሮቹ ሄደው ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1942 ዱክን 20 ለ16 አሸነፉ፤ ብዙዎቹም በኋላ ዘመቱ። እርሱ ወደ ሚኒዶካ ግዞት ሰፈር ተወሰደ። የክብር ዲግሪውን ያገኘው በ2008 ነው።

እኔን የሚከነክነኝ የእነዚያ የሄዱት ነገር ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ወደ ጎረቤት ከተማ ለውድድር ስንነሣ፤ ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ተከላካያችን ከአውቶቡሱ እንዲወርድ ተደረገ። ጦርነት አልነበረም፤ ወታደርም አልመጣም። ሆኖም ከመካከላችን «ስለ ምን?» ብሎ የጠየቀ አንድም ስንኳ አልተገኘም። እኔማ በመስኮቱ በኩል የነበረውን መቀመጫውን ያዝሁ።

አምና ለጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥቶ ተገናኘን። ሻይ ስንጠጣ፤ «ያን ቀን ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

አላስታወስሁም።