ስለ ገለፈት

በአማርኛችን «ገለባ» መባል ስድብ ነው። ቁም ነገር የማይገኝበትን ሰው፣ ፍሬ የለሽ ንግግርን፣ ቤት ከመምታት ሌላ ፋይዳ የሌለውን ስንኝ ሁሉ በዚህ ቃል እንሸኛለን። ፍሬው ለጎተራ፣ ገለባው ለነፋስ። የእኔ ልብ ግን ሰሞኑን ወደ ተጣለው አድልቷል፤ በተለይም ወደ ቡና ገለፈት።

እንጀራዬ ባንክ ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ ከሲዳማ ቡና ጋር የማይተዋወቅ የባንክ ሠራተኛ መቼም አይኖርም፤ በወረቀታችን ላይ የሚሰፍረው ግን ንጹሑ ፍሬ ብቻ ነው። ጀንፈል ሆኖ ደርቆ ከሚፈለፈል ቡና ለአንድ ኪሎ ፍሬ አንድ ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣል። ይህን ያህል የሚመዝን ነገር በየትኛውም ሰነድ ላይ ስም የለውም። እሸቱ በሚታጠብበት ሥፍራ ደግሞ ልጣጩና እጣቢው ወንዝ ሲገባ ውኃው ይጠቁራል፣ ይከረፋል። ታዲያ ውኃን የሚበድል ተረፈ ምርት ከስሎ ውኃ ያጠራል ቢሉን ማን ያምናል?

ቶቢያስ ሎዊትዝ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከሰል የቆሸሸን ፈሳሽ ቀለም እንደሚያነጣ በሩሲያ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። ዛሬ የቡና ገለፈት፣ ጭማቂው የወጣለት ሸንኮራ አገዳ፣ የእንሰት ትራፊ ሳይቀር አየር በሌለበት እየከሰለ በቤተ ሙከራ ይፈተሻል። የከሰለው ገለፈት ለዓይን ትቢያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በእልፍ ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። በሚገባ የተዘጋጀ አንድ ግራም ከሰል፣ የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ ከ500 እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ከጥሩው ዓይነት አሥር ግራም የእግር ኳስ ሜዳ ያለብሳል ማለት ነው! የጨርቅ ማቅለሚያም ሆነ እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ብረት በዚያ ገጽ ላይ ይያዛል። አያያዙ ጥጥ ውኃ እንደሚመጥጠው አይደለም፤ ጭጎጎት በነጠላ ጫፍ እንደሚጣበቅ ነው። ለሁለቱም «መምጠጥ» የሚል አንድ ቃል መጠቀማችን፣ ቃል ለሚወድ ሰው ቅር ያሰኛል።

ሆኖም ውዳሴው ልክ ይኑረው። የስምጥ ሸለቆአችን ብርቱ ጠላት ፍሎራይድ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይገባል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። በወንጂ የአገዳ እርሻ ሠፈሮች ይህን መሰል ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እንደ ደነደነ በሕክምና ተመዝግቧል። እኔም በመስኮቴ በኩል በየቀኑ አያለሁ፤ ብራቸውን ቆጥረው ደስ ሲላቸው፣ የቡኒ ጥርሳቸውን በነጠላ ጫፍ የሚሸፍኑ እናቶች አሉ። የልጅነታቸውን ጉድጓድ በአፋቸው ይዘው ይዞራሉ።

ለዚህ ጠላት እንዲሁ የከሰለ ገለፈት አቅሙ ደካማ ነው። አሉሚኒየም ያለው ውሕድ ሲለብስ ይበረታል፤ የከብት አጥንት ከሰልም ከእርሱ ይልቅ ይይዛል። (በአጥንት የተጣራ ውኃ ጾመኛዋ ጎረቤቴ ፊት ቢቀርብ ምን ትል ይሆን?)

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ከሰሉ የያዘው መርዝ አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ከሰል ደግሞ ይጠግባል፤ መጥገቡንም ዓይን አያየውም፤ ውኃው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይወርዳልና። ለፋብሪካ የሚለካለት ባለሙያ አለው። በየቤቱ ግን የሚለወጥበትን ቀን የሚቆጥር፣ የጠገበውንም ከውኃ ጉድጓድ አርቆ ዝናብ በማይነካው ሥፍራ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። አለዚያ ጓሮ ከእንሰቱ ሥር ይደፋል፤ ክረምቱም ሲገባ የያዘውን ጥቂት በጥቂት ለአፈሩ ይለቃል።