ጂማ ስለሚጎድላት ልቦለድ

ኤኒዮ ፍላያኖ የሚባል ጣሊያናዊ ደራሲ ነበር። ከወራሪው ጦር ጋር በምክትል መቶ አለቃነት ኢትዮጵያ ዘምቶ አገሩ ተመለሰና በ1947 እ.ኤ.አ. «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» የተባለ ልቦለድ አሳተመ። መጽሐፉ ስትሬጋ የተባለውን ታላቅ የጣሊያን ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኖ ወሰደ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መኮንን ጥርሱን ያመውና ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ መኪናው ይገለበጣል። በአቋራጭ እደርሳለሁ ብሎ በእግሩ ሲጓዝ ውሃ ውስጥ ገላዋን የምትታጠብ የአገራችንን ሴት ያገኛል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። አብሯት ያድራል። ሌሊት አውሬ የመጣ መስሎት ሲተኩስ ጥይቱ ድንጋይ ላይ ነጥሮ እሷን ያቆስላታል። ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት ቢል ጣጣው ይታየዋል፤ ስለዚህ ይገድላትና ይቀብራታል። ከዚያ በኋላ የምናነበው የእሱን ጭንቀት ነው። ይይዙኝ ይሆን? የሥጋ ደዌ አስይዛኝ ይሆን?

መጽሐፉን አልጠላውም። ፋሺስቶች ስለ ጀግንነት ይለፍፉ በነበሩበት ጦርነት ውስጥ ወታደራቸውን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል። ግን ሴትዮዋ ምን አሰበች? ያን ቀን ከቤቷ ስትወጣ ለማን ምን ብላ ወጣች? ፍላያኖ ይህን አይነግረንም፤ የሚያውቅም አይመስለኝም። ይህን መጻፍ የነበረብን እኛ ነን።

እኛስ ምን ጻፍን? ቅኝ አልተገዛንም፤ እውነት ነው፤ የምንኮራበትም ነው። ነገር ግን ይህ ኩራት አምስቱን የጣሊያን ወረራ ዓመታት በጦር ሜዳ ብቻ እንድናስታውስ ያደረገን ይመስለኛል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ«አርአያ» ልቦለዳቸው ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት አርበኛ አድርገው አሳዩን። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ከራስ እምሩ ጋር ሲዋጉ በ1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች ተጋዙ። ጎጀብ ከእኛ ከጂማ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ቦንጋ ስትወርዱ የምትሻገሩት ወንዝ ነው። በግዞት ዓመታትን ያሳለፉት እኚያ ሰው በ1958 ዓ.ም. ታላቁን ልቦለዳቸውን ሲያሳትሙ የጻፉት ስለ ጣሊያን አልነበረም፤ ስለ ጎጃም ባላባትና ጭሰኛ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አከብራቸዋለሁ። የሰው ልጅ በሰው ልጅ ላይ የሚጭነው ቀንበር ከባሕር ማዶ ብቻ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር።

ለጂማ ሰው ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። የጂማው ንጉሥ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ይዘው ቆዩ። በ1932 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ያ ነጻነት ቀርቶ ሹም ከመሃል አገር ይላክ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። ደቡብ ምዕራቡን አንድ ግዛት አድርጎ ጂማን ዋና ከተማው አደረጋት። ለሙስሊሙና ለኦሮሞው «ነጻ አወጣኋችሁ» ብሎ ሰበከ፤ መስጊድ አሠራ፤ የአዲስ አበባን መንገድ ዘረጋ። ታዲያ ያኔ በእኛ አካባቢ በሰርቦ የነበረ ገበሬ ማንን ጠላት፣ ማንን ወዳጅ ይበል? ለዚህ ጥያቄ የታሪክ ተመራማሪ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። በዚያ ገበሬ ልብ ውስጥ ገብቶ ማሳየት የሚችለው ግን ልቦለድ ነው።

እዚሁ ሰርቦ አንድ ሽማግሌ ቡና እየጠጣን ያወሩኝን ላካፍላችሁ። አባታቸው ቀን ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። የሚከፈላቸው የወረቀት ሊሬ ነበርና ገበያ ላይ ጠገራ ብር ያለው ሰው ሊሬውን ንቆ አይቀበላቸውም። ማታ ከዚያው ደመወዝ ጨው ገዝተው ጫካ ላሉት አርበኞች ይልካሉ። «ታዲያ አባትዎ አርበኛ ነበሩ ወይስ የጣሊያን ሠራተኛ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ተቆጡኝ። «አባቴ ልጆች ነበሩት!» አሉኝ። እኔ ማንበብ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ሴቶቹም አሉ። በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋሺስቶች ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። ሴትን ለአንድ ሌሊት ገዝቶ መሄድ ግን በዚህ ሕግ አያስቀጣም። ወንጀል የሆነው አብሮ መኖር ነው። ከዚህ የባሰ ጭካኔ ያዘለ ሕግ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በ1940 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእነዚህ ሴቶች የተወለዱትን ልጆች አባቶቻቸው ልጄ እንዳይሏቸው በሌላ ሕግ ተከለከለ።

ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በተባለ ልቦለዷ ይህን በር ከፍታልናለች። የቤት ሠራተኛዋ ሂሩት ከጣሊያን በፊት የምትጠቃው በገዛ ጌታዋ፣ በአርበኞቹ አዛዥ ነው። አንዳንዶች አርበኞችን አዋረደች ብለው ቢቆጡ አይገርመኝም፤ እኔ ግን ሂሩትን ያከበረቻት በዚህ ነው እላለሁ። ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ኤርትራዊው ካህን ገብረየሱስ ኃይሉ ለጣሊያን ሊዋጋ ሊቢያ ስለዘመተ አስካሪ (የቅኝ ገዢው አገሬ ተወላጅ ወታደር) በትግርኛ ልቦለድ ጻፉ። በ1927 የተጻፈው ሥራ የታተመው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። የሌላ አፍሪካዊ አገር ለመያዝ የተላከ አፍሪካዊ ምን እንደሚሰማው ያን ያህል ቀድሞ ያየ ሰው ነበረን ማለት ነው።

ጂማ ነጻ የወጣችው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። ሰርቦ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ ያላችሁ ወጣቶች፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የምትጽፉ ሁሉ፣ በቤታችሁ የቀረ ሽማግሌ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው ካለ ዘንድሮ ጠይቁት። ከስንት ጣሊያን ጋር ተዋጉ ብላችሁ ብቻ አትጀምሩ። ለጣሊያን ማን እንጀራ ይጋግር እንደነበር፣ ቡናውን ማን በስንት ይገዛ እንደነበር፣ አስተርጓሚው የማን ልጅ እንደነበረና በኋላ ሰፈሩ ሰላም ይለው እንደሆነ ጠይቁ። ጣሊያን ሲወጣ ልጅ ይዛ የቀረችው ሴት የት ገባች? ልጁንስ ማን አሳደገው?